መጽሐፉን ዘግቶ ማንበብ

(ኮሌጅ ለጀመሩ ተማሪዎች በቃል ያደረኩት ንግግር ነው፣ ወደ ጽሑፍ ስገለብጠው ብዙ አልነካካሁትም፣ ተማሪዎቹ የጠየቁኝንም አስገብቼዋለው።)

እሺ እንጀምር፣ ከኋላ ያላቹት ይሰማል? ጥሩ።

ዛሬ የማወራው ስለ ንባብ ነው ግን "ማንበብ ጥሩ ነው አንብቡ" ለማለት አይደለም የመጣሁት፣ እሱን ሁላችንም ስንሰማ ነው ያደግነው። የመጣሁት በጣም የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ስላለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ያንን ቻፕተር አንዴም ሁለቴም ሦስቴም አንብቦት ፈተና ላይ ሲቀመጥ "ይሄን ነገር እኮ አውቀዋለው፣ በግራ ገጽ ከታች ሥዕሉ ስር ነው ያለው፣ ግን ምን ነበር የሚለው..." ብሎ የሚቀር ልጅ አለ አይደል? አንድ ሁለት ሰው አይደለም፣ በየክፍሉ ሞልቷል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ያ ልጅ ስለራሱ የሚደርስበት ድምዳሜ "እኔ ጭንቅላት የለኝም" የሚል ነው። ይሄ ነው የሚያመኝ። ልጁ አልሰነፈም፣ ለፍቷል፣ ጭንቅላቱም ደህና ነው፣ ያነበበበት መንገድ ነው ለፈተና ቀን የማያደርሰው። እና ማንም ቁጭ አድርጎ እንዴት እንደሚነበብ አላሳየውም። ፊደል ያስቆጥሩናል፣ ከዛ ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ትልቅ ቴክስትቡክ እጃችን ላይ ያስቀምጡና አንብቡ ይሉናል፣ በመሃል ያለው ነገር የማንም ኮርስ አይደለም።

ስለዚ ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራቹ፣ የቀረው ንግግሬ በሙሉ የሱ ማብራሪያ ነው። መጽሐፉ ፊታቹ ተከፍቶ እያለ "ገብቶኛል" የሚለው ስሜት ምንም ማስረጃ አይሆንም። እንደገባቹ የሚታወቀው መጽሐፉን ዘግታቹ፣ ሃንዳውቱን ገልብጣቹ፣ ፒዲኤፉን አጥፍታቹ ያነበባቹትን በራሳቹ ቃል መናገር ወይ መጻፍ ስትችሉ ነው። ደግሞ ይሄ መዝጋት ራስን ለመፈተን ብቻ እንዳይመስላቹ፣ እውቀቱ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ የሚይዘው እዛች ሰዓት ላይ ነው፣ ለማስታወስ ስትታገሉ።

ይሄን ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምላቹ። በ2006 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በጣም ቀላል ሙከራ ሠሩ። የኮሌጅ ተማሪዎችን አመጡና አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላኛው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። እዚጋ ብናቆም "በቃ ደጋግሞ ማንበብ ያዋጣል" ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ወረዱ፣ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶ ያዙ። ልብ በሉልኝ፣ እነዚ የበለጡት ልጆች ጽሑፉን ያዩት በጣም ባነሰ ጊዜ ነው፣ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ወረቀት ሲያዩ ነው የዋሉት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ የበለጠ እርግጠኛ የነበሩት እነማን መሰሏቹ? ደጋግመው ያነበቡት።

ይሄ ለምን ሆነ ካላቹ፣ ድጋሚ ስናነብ ዓይናችን ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ማለቂያውን እናውቀዋለን፣ አዲስ የሚመስል ቃል የለም፣ አእምሯችን ደግሞ ያንን ቅለት "አውቄዋለው" ብሎ ይተረጉመዋል። ነገሩን ለይቶ ማወቅና ከጭንቅላት አውጥቶ መናገር ግን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ፈተናው፣ ፕሬዘንቴሽኑ፣ በኋላ ሥራው የሚጠይቃቹ ሁለተኛውን ነው፣ እናንተ ሌሊቱን ሙሉ የተለማመዳቹት ደግሞ የመጀመሪያውን ነው። የዚያ ልጅ ታሪክ በቃ ይሄ ነው።

ደግሞ ይሄ የጥቂት ሰው ጉዳይ አይደለም። እነ ካርፒክ በ2009 ባሳተሙት ሌላ ጥናት 177 የኮሌጅ ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ ሲጠየቁ 84 በመቶ የሚሆኑት ኖታቸውን ወይ መጽሐፉን ደግመው እንደሚያነቡ ተናገሩ፣ ራሳቸውን እየጠየቁ ለማስታወስ የሚሞክሩት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። እና እነዚ ልጆች ኮሌጅ የገቡ ናቸው፣ ጎበዝ ናቸው ማለት ነው።

ሃይላይተር። አሁን ስለሱ ስናገር የሚከፋቹ እንዳላቹ አውቃለው፣ ግን ልናገረው። በ2013 ጆን ደንሎስኪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን 10 የጥናት ዘዴዎች ወስዶ ስለያንዳንዳቸው የተሠራውን ምርምር በሙሉ አገላበጠ። ማስመርና ማቅለም፣ ድጋሚ ማንበብ፣ እነዚ ሁለቱ ጥቅማቸው ዝቅተኛ ነው ተብለው ተመደቡ። ከፍተኛ የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያየ ቀን ከፋፍሎ ማጥናት። ሃይላይተር መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ እጃችን ሲንቀሳቀስ ሥራ የሠራን ይመስለናል፣ ገጹ ቢጫ ሲሆን ደስ ይላል፣ ምኑ ዋና ምኑ ትርፍ እንደሆነ ግን ገና አንዴ ሳናነበው እንዴት እናውቃለን? ማቅለም ከፈለጋቹ ንዑስ ክፍሉን ጨርሳቹ፣ ዘግታቹ ከሞከራቹ በኋላ ተመለሱና ያመለጣቹን ብቻ አቅልሙ። ያኔ ቀለሙ የሆነ ነገር ይነግራቹሃል፣ ደካማ ቦታቹ የት እንደሆነ።

አሁን አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልናገር ምክንያቱም "ዘግታቹ አስታውሱ" ማለት ቀላል ነው፣ ሲሞከር ግን ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይተወዋል። ሙሉ ቻፕተር አንብባቹ አይደለም የምትዘጉት፣ እሱ ብዙ ነው፣ ተስፋ ያስቆርጣል። አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ሦስት አራት ገጽ ቢሆን ነው። ጨረሳቹ፣ ዘጋቹ፣ ባዶ ወረቀት አወጣቹ፣ "ይሄ ክፍል ምን አለ?" ብላቹ ጻፉ። ቆንጆ ጽሑፍ አይደለም፣ ቀስት ይሁን፣ ቁርጥራጭ ቃል ይሁን፣ ሥዕል ይሁን። መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይመጣና ጭንቅላታቹ ጭር ይላል። እዛች ጋር ነው ሰው ሁሉ ተሸንፎ መጽሐፉን የሚከፍተው፣ እዛች ጋር እባካቹ ትንሽ ቆዩ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ "ምሳሌ ሰጥቶ ነበር፣ ምን ነበር ምሳሌው፣ ለምን ነበር የሰጠው" እያላቹ ታገሉ። ከዛ ክፈቱና አመሳክሩ፣ የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሙሉ፣ ስታመሳክሩ የተሳሳታቹትን በተለይ አስተካክሉ ምክንያቱም ሳይታረም የቀረ ስህተት አብሮ ይጠናል። ያቺ ወረቀት በኋላ ኖታቹ ትሆናለች። ከመጽሐፍ እየተገለበጠ ከሚጻፍ አስር ገጽ ኖት እሷ ትበልጣለች ብዬ አምናለው፣ መገልበጥ እኮ ሳይረዱም ይቻላል።

በሁለት ዓምድ ከፍሎ መጻፍ የሚወድ ካለ ደግሞ በ1950ዎቹ ዋልተር ፓውክ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ያስፋፋው የኮርኔል አጻጻፍ አለ፣ በቀኝ ሰፊው ቦታ ላይ ኖቱ፣ በግራ ጠባቡ ላይ ጥያቄ። ብዙ ሰው ሠንጠረዡን ያሰምርና ዋናውን ነገር ይረሳዋል፣ የግራው ዓምድ የተሠራው ቀኙን በእጅ ሸፍኖ ራስን ለመጠየቅ ነው።

እሺ፣ ከማንበብ በፊት ወዳለው እንሂድ፣ እዚ ላይ ትንሽ እቆያለው ምክንያቱም በጣም የሚናቅ ነገር ነው። በ1972 ጆን ብራንስፎርድና ማርሻ ጆንሰን የሠሩት ሙከራ አለ። ለተማሪዎች አንድ አንቀጽ አሰሟቸው፣ ነገሮቹን በየዓይነታቸው ለይ፣ በአንዴ ብዙ አታብዛ፣ ሲያልቅ መልሰህ ለይተህ በየቦታቸው አስቀምጥ የሚል ዓይነት ነገር ነው። እያንዳንዱ ቃል ቀላል ነው፣ ሰዋስውም ምንም አያስቸግርም፣ ግን ስለምን እንደሚያወራ አይገባም። ለአንዱ ቡድን ቀድመው "ስለ ልብስ ማጠብ ነው" አሏቸው፣ ለአንዱ ቡድን ካደመጠ በኋላ ነገሩት፣ ለአንዱ ጭራሽ አልነገሩትም። ቀድመው የተነገራቸው በጣም በተሻለ ተረዱት፣ በተሻለም አስታወሱት። በኋላ የተነገራቸውስ? ምንም ካልተነገራቸው የተሻለ ነገር አላሳዩም። እስቲ አስቡት፣ አንድ ትንሽ ርዕስ ነው፣ ቀድሞ ሲመጣ ሁሉን ይለውጣል፣ ዘግይቶ ሲመጣ አይጠቅምም። መረጃው ሲገባ የሚያርፍበት ቦታ መዘጋጀት አለበት።

ስለዚ ቻፕተር ስትይዙ ከመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ቀጥ ብላቹ አትግቡ። አምስት ደቂቃ ስጡት። ርዕሱን፣ ንዑስ ርዕሶቹን በሙሉ፣ ሥዕሎቹን ከነመግለጫቸው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን ጥያቄዎች ጭምር እዩ። ብዙ ሰው የቻፕተር ማለቂያ ጥያቄን የሚያየው፣ ካየው፣ መጨረሻ ላይ ነው፣ እኔ መጀመሪያ አንብቡት ነው የምለው፣ ጸሐፊው ምኑን ዋና እንዳለው እዛ ላይ በግልጽ ነግሯቹሃል። ከዛ ንዑስ ርዕሶቹን ወደ ጥያቄ ለውጧቸው። ርዕሱ "ኦስሞሲስ" ቢል እናንተ "ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው፣ ለምን ወደዛ? ቀይ የደም ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምንድነው አብጦ የሚፈነዳው?" በሉ። አሁን የምትፈልጉት መልስ አለ፣ ዓይናቹ ዝም ብሎ አይንሸራተትም። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፣ ፍራንሲስ ሮቢንሰን የሚባል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1946 ኤስኪውስሪአር (SQ3R) ብሎ ያወጣው ዘዴ ነው፣ ቃኝ፣ ጠይቅ፣ አንብብ፣ በቃልህ በል፣ ከልስ። አምስቱም ደረጃ በየመመሪያው አለ፣ ተማሪዎች ሲተገብሩት ግን አራተኛዋ፣ በቃልህ በል የምትለዋ፣ ትዘለላለች፣ ምክንያቱም የምታደክመው እሷ ናት።

ሌላ ነገር፣ አንዳንዴ የማይገባን የማንበብ ችሎታ ስለሌለን አይደለም፣ ስለ ነገሩ ቀድመን የምናውቀው ስለሌለ ነው። በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ 64 ተማሪዎችን ወስደው ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አስነበቧቸው። በንባብ ፈተና ደካማ የተባሉ ግን ቤዝቦል የሚያውቁ ልጆች፣ በንባብ ጎበዝ ከተባሉና ቤዝቦል ከማያውቁት በጣም በልጠው ተገኙ። ይሄን የምነግራቹ ለምንድነው፣ የሆነ ኮርስ መጽሐፍ ጭራሽ አልገባ ሲላቹ ያንኑ ገጽ አምስቴ ከምታነቡ አስቀምጡትና ስለዛው ርዕስ የተጻፈ ቀለል ያለ ነገር ፈልጉ፣ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ይሁን፣ የኢንሳይክሎፒዲያ መግቢያ ይሁን፣ አጭር ቪዲዮ ይሁን፣ እሱን ጨርሳቹ ተመለሱ። በዚ የሚያፍር ተማሪ አለ፣ "እኔ ኮሌጅ ገብቼ የሃይስኩል መጽሐፍ?" ይላል። ማፈር የለበትም፣ መሠረት ሲጣል እኮ ነው።

እያነበባቹ እያለስ? እያነበባቹ እያለ የሚጠቅማቹ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ለምን?"። በ1994 ሚሸሊን ቺ ከባልደረቦቿ ጋር የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ደም ዝውውር ስታስነብብ አንዱን ቡድን ከያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ለራሳቸው እንዲያብራሩ አደረገች፣ ሌላውን ጽሑፉን ሁለቴ እንዲያነብ። ያብራሩት የበለጠ ተረዱ፣ በተለይ ከባድ ጥያቄዎች ላይ። ለምሳሌ የኢኮኖሚክስ መጽሐፋቹ "ማዕከላዊ ባንክ የወለድ መጠን ሲጨምር የዋጋ ንረት ሊረግብ ይችላል" ካለ አዎ ብላቹ አትለፉ። ለምን? ብድር ይወደዳል፣ ሰውም ድርጅትም የሚበደረው ይቀንሳል፣ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፣ ገበያ ላይ ያለው ፍላጎት ይላላል፣ ሻጩ እንደልቡ ዋጋ መጨመር አይችልም። አምስት ደረጃ ናቸው፣ መጽሐፉ ሁለቱን ጽፎ ሦስቱን ለእናንተ ትቶት ሊሆን ይችላል፣ እነዛን የተዘለሉትን የሞላ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን መሸምደድ አያስፈልገውም።

አሁን አንድ ነገር ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለው፣ ሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት አይነበብም። ሂሳብ የምታነቡ ከሆነ እስክሪብቶ ካልያዛቹ እያነበባቹ አይደለም፣ ምሳሌው ሲመጣ መፍትሄውን በወረቀት ሸፍኑና መጀመሪያ ራሳቹ ሞክሩ፣ አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ቢወስድ ጤነኛ ነው። ታሪክ ከሆነ ደግሞ ሳም ዋይንበርግ በ1991 ያሳተመውን ጥናት አስታውሱ፣ ታሪክ ተመራማሪዎችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1775 ሌክሲንግተን ላይ ስለተደረገው ውጊያ የሚያወሩ ሰነዶችን እያነበቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። ተማሪዎቹ ከላይ ወደታች እንደ ተራ መረጃ አነበቡት። ተመራማሪዎቹ ግን ወዲያው ዓይናቸው የሄደው ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው የሚለው ላይ ነው። ሰነዱን እንደ ምስክር ነው ያዩት፣ ምስክር ደግሞ የቆመበት ቦታ አለው። የሪሰርች ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም፣ አብስትራክቱን (መጀመሪያ ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ)፣ ከዛ የመግቢያውን መጨረሻ (ጥያቄያቸው ምን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ነው ያለው)፣ ከዛ ሠንጠረዦቹንና ግራፎቹን፣ ከዛ ውይይቱን፣ ለአሳይመንታቹ የሚያስፈልግ መሆኑን ካረጋገጣቹ በኋላ ነው ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ክፍል ውስጥ የምትገቡት። አንደኛ ዓመት ላይ ሆኖ አስራ አምስት ገጽ ጆርናል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ብሎ ለማንበብ ሞክሮ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተወ ልጅ ሰነፍ ነው አትበሉት፣ በር ያለው በሌላ በኩል ነው።

ስለ ፍጥነት ሁሌ እጠየቃለው፣ ስፒድ ሪዲንግ ኮርስ ልውሰድ ወይ የሚል። አትውሰዱ። ዓይናችን በደንብ የሚያየው ከፊታችን መሃል ያለውን ትንሽ ቦታ ነው፣ ለዚ ነው ስናነብ እየዘለለ እየቆመ የሚሄደው፣ አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይቆማል። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ ፍጥነት በጣም ሲጨምር መረዳት ይቀንሳል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ አቋራጭ የለም ነው ያሉት። ማርክ ብሪስባርት ደግሞ በ2019 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ አዋቂ ሰው ልብወለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዝምታ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ነው ያገኘው። በዚ አስሉት፣ ገጹ 400 ቃል ቢይዝ 30 ገጽ ማለት 12,000 ቃል ነው፣ ምንም ሳትቆሙ 50 ደቂቃ። ቴክስትቡክ ሲሆን፣ እያሰባቹ፣ እየዘጋቹ ስትሄዱ እጥፉን ወይ ከዛ በላይ መያዝ አለባቹ። ስለዚ "ማታ ከእራት በኋላ ሁለት ቻፕተር እጨርሳለው" ያለ ሰው ሳይጨርስ ሲቀር ራሱን እንዳይረግም፣ ዕቅዱ ራሱ ከመጀመሪያውም የሚሆን አልነበረም። በእውነት ፈጥኖ ለማንበብ የሚረዳው ነገር ብዙ ማወቅና ብዙ ቃል ማወቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ በማንበብ ይመጣል።

ስልክና ስክሪን ላይ አጭር እላለው። በ2018 ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ መረዳቱ ትንሽ ይሻላል፣ ልዩነቱ ደግሞ ጊዜ ሲያጥር ይጨምራል፣ ትረካ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ፕሪንት ማድረግ ለማይችል ሰው ይሄ የሚያስጨንቅ አይደለም፣ ስክሪን ላይ ስናነብ ቶሎ ቶሎ የማለፍ ልማድ ስላለን ብቻ ሆን ብላቹ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ የምትጽፉበት ወረቀት አጠገባቹ ይኑር፣ ኖቲፊኬሽኑን አጥፉ።

መቼ ይከለስ? ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ ላይ እየሞከረ መርሳት እንዴት እንደሚሄድ ለካ፣ ብዙው የሚጠፋው መጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው፣ ከዛ ይዘገያል። ትርጉም ያለው ቻፕተር እንደዛ አይፈጥንም፣ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2008 ከ1,300 በላይ ሰዎች ላይ ሞክረው በመጀመሪያው ጥናትና በክለሳው መሃል ምን ያህል ቀን ቢኖር ይሻላል የሚለውን አዩት። ፈተናው ከክለሳው ሳምንት በኋላ ከሆነ አንድ ቀን ገደማ፣ 35 ቀን በኋላ ከሆነ 11 ቀን ገደማ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ፈተናው በራቀ ቁጥር ክፍተቱም ይሰፋል ማለት ነው። እና ክለሳ ስላቹ ድጋሚ ማንበብ አይደለም፣ ያቺን ወረቀት ገልብጣቹ አዲስ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና መጻፍ ነው።

እዚጋ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ስድስት ኮርስ አለኝ፣ ሁሉንም እንደዚ ማንበብ እንዴት ይቻላል?" አለች። እውነቷን ነው፣ አይቻልም፣ እና ሁሉም እንደዚ መነበብ የለበትም። ለያንዳንዱ ንባብ መጀመሪያ "ከዚ ምን ይፈለጋል?" ብለሽ ጠይቂ። ለክፍል ውይይት ከሆነ ዋናውን ሐሳብና አንድ ጥያቄ ይዘሽ ብትገቢ ይበቃል። ተጨማሪ ንባብ ከተባለ ቃኝተሽ ምን እንዳለበት አውቀሽ ማስቀመጥ ይቻላል። ፈተና የሚመጣበትንና ቀጣዩ ኮርስ የሚቆምበትን ግን በሙሉ ጉልበት። ሁሉንም በእኩል ለማንበብ የሚሞክር ሰው ሁሉንም በስሱ ነው የሚያነበው።

ሌላ ልጅ "ትምህርቱ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ አይደለም፣ በየመስመሩ ዲክሽነሪ እከፍታለው" አለ። ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው ደብቆት ነው የሚሰቃየው። ያለ እርዳታ ጽሑፍን ተረድቶ ለማንበብ ከ100 ቃል ውስጥ 98 የሚሆነውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ በ2000 ሁ እና ኔሽን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ስለዚ የምትደክመው አንተ ስለሆንክ አይደለም፣ ማንም በዛ ቦታ ቢሆን ይደክማል። በየመስመሩ አትቁም፣ የማታውቀውን ቃል በእርሳስ ምልክት አድርግና አንቀጹን ጨርስ፣ ግማሹ ከዓውዱ ይገለጣል። ተመልሰህ ሁለቴ ሦስቴ የተደጋገመውን ብቻ ፈልግ። የያንዳንዱ ኮርስ ቃላት ደግሞ ውስን ናቸው፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቻፕተሮች ላይ የምታወጣው ጉልበት ለቀሩት ይከፍልሃል። ዘግተህ ስታስታውስ ግን በፈለከው ቋንቋ በል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋህ ማብራራት ከቻልክ ገብቶሃል፣ ከዛ በፈተናው ቋንቋ ድገመው።

መጨረሻ ላይ የተጠየኩት "ፈተናው ነገ ነው፣ ሦስት ቻፕተር አልነካሁም፣ አሁን ምን ላድርግ?" የሚል ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምር። የሦስቱንም ማጠቃለያ አንብብ፣ ከዛ የማለቂያ ጥያቄዎቹን አውጣና መልሳቸውን ፍለጋ ብቻ ወደ ውስጥ ግባ፣ እያንዳንዱን መልስ ስታገኝ ዘግተህ ተናገረው። መምህሩ ክፍል ውስጥ የቆየበትን ርዕስ አስቀድም፣ ሌላውን ተወው፣ መተው ከባድ ነው ግን ሦስቱንም በጨረፍታ አይቶ ምንም ካለመያዝ ይሻላል። እና ተኛ፣ ሙሉ ሌሊት ባትችል እንኳ የተወሰነ ሰዓት ተኛ፣ ያነበብከው የሚረጋው በእንቅልፍ ሰዓት ጭምር ነው። ጠዋት ስትነሳ መጽሐፉን ሳትከፍት በፊት ትላንት ማታ የያዝከውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ የጎደለውን ብቻ አይተህ ሂድ።